በጥልቅ ውኃ ውስጥ የተሰወረውን ጋዝ በሥፍራው ስለ መመዘን

ሚዛን የንግድና የፍርድ ሁሉ መሠረት መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም። ሻጭና ገዢ የሚስማሙት፥ መንግሥት ቀረጡን የሚያስከፍለው፥ ዳኛም በሁለት ተከራካሪዎች መካከል የሚፈርደው የነገሩ ልክ በታወቀ ጊዜ ነው። ልኩ ያልታወቀ ነገር ግን ወይ ያለ ምክንያት ያስፈራል፥ ወይ ያለ ምክንያት ያዘናጋል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ የምንወደው ነገር፥ በዓይን የማይታየውንና በአፍንጫ የማይሸተተውን፥ በውኃ ውስጥ ሟሙቶ የሚኖረውን ሜቴን የሚባለውን ጋዝ ሊቃውንት በባሕርና በሐይቅ ጥልቅ ውስጥ እንዴት አድርገው እንደሚመዝኑትና ይህም ሥራ ለአገራችን ምን እንደሚጠቅም ነው።

ምናልባት «ባሕር ከእኛ ሩቅ ነው፤ የባሕር ነገር ምናችን ነው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለዚህ ሰው የሚሆነው መልስ እዚሁ በከተማችን፥ በመርካቶ ውስጥ ዱባይ ተራ በሚባለው ሥፍራ ይገኛል። ስሙ እንደሚያመለክተው በዚያ ተራ የሚሸጠው ልብስና ጫማ፥ የኤሌክትሪክም ዕቃ አብዛኛው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። ከዱባይ በመርከብ የሚጫን ዕቃ በተለመደው መንገድ ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ፥ የሆርሙዝን ጠባብ መተላለፊያ አልፎ፥ በዓረብ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከዚያም በካሚዮን ወይም በባቡር ወደ መካከል አገር ይወጣል። እንግዲህ የዱባይ ተራ ነጋዴ ባሕሩን በዓይኑ አይቶት ባያውቅም እንኳ እንጀራው በባሕር ላይ ተጭኖ ይመጣለታል ማለት ነው። በዚያውም በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ወለል ሥር ካታርና ኢራን የሚካፈሉት፥ በዓለም ከታወቁት የተፈጥሮ ጋዝ መገኛዎች ሁሉ የሚበልጠው መዝገብ ተከማችቶ ይኖራል፤ የዚህ ጋዝ ዋናው ክፍል ሜቴን ነው። ስለዚህ ባሕር በፊቱ ላይ የሚሸከመውን ዕቃ ብቻ ሳይሆን በሆዱ የያዘውንም ማወቅ ለሰው ሁሉ የሚገባ ነው።

ሜቴን አንድ ካርቦን ከአራት ሃይድሮጅን ጋራ ተያይዞ የሚሆን፥ በእሳት የሚነድ ጋዝ ነው። ሣሩ ቅጠሉ፥ የሞተውም ፍጥረት ሁሉ አየር በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ ሲበሰብስ ዓይን የማያያቸው ረቂቃን ሕዋሳት ይሠሩታል፤ ከምድርም ውስጥ ካለው ሙቀት የተነሣ ይሠራል። አሌሳንድሮ ቮልታ የሚባለው የኢጣልያ ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1776 ዓመት በማጆሬ ሐይቅ ዳር ካለው ረግረግ ጭቃውን በበትር እየቆሰቆሰ የሚወጣውን አረፋ ሰበሰበ፤ በእሳትም ሲነድ አየ። በየቤታችን በሲሊንደር ተሞልቶ የምንገለገልበት የማብሰያ ጋዝ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ ቡቴንና ፕሮፔን የሚባሉት ናቸውና ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም።

ሜቴን ወደ አየር በወጣ ጊዜ ከምድር የሚነሣውን ሙቀት ይይዛል። የመቶ ዓመት ሥራው ሲታሰብ ክብደቱ ተመሳሳይ ከሆነው ካርቦን ዳዮክሳይድ ይልቅ 28 ጊዜ ያህል ያሞቃል። በዓለም አየር ውስጥ ያለውም መጠን የፋብሪካ ዘመን ከመጀመሩ አስቀድሞ ከነበረው ዛሬ ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ሆኗል። ነገር ግን በአየር ውስጥ የሚቆየው 12 ዓመት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ መውጫውን አውቆ የሚቀንሰው ሰው ፍሬውን በራሱ ዕድሜ ለማየት ይችላል። መውጫውን ለማወቅ ደግሞ መመዘን ያስፈልጋል።

በባሕር ወለል ሥር ያለው ሜቴን ሁሉ ወደ አየር የሚደርስ አይደለም። ከፊሉ በብርድና በከባድ ግፊት ምክንያት ከውኃ ጋራ ተጣብቆ በረዶ መስሎ ይቀመጣል፤ ከዚህ በረዶ አንድ ሊትር ቢቀልጥ ከ160 ሊትር በላይ ጋዝ ይወጣዋል። ከፊሉም ከጭቃው ወጥቶ ወደ ላይ ሲጓዝ እርሱን የሚመገቡ ረቂቃን ሕዋሳት በመንገድ ያስቀሩታል። ስለዚህ «ከሥር ምን ያህል ተነሣ? በመንገድ ምን ያህል ቀረ? ወደ አየርስ ምን ያህል ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ በግምት የሚመለስ ሳይሆን ውኃውን በየጥልቀቱ በመመዘን ብቻ የሚመለስ ነው።

መመዘኑ ግን ቀላል አይደለም። ችግሩን ለመረዳት የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ማሰብ ይበቃል። ጠርሙሱ ተዘግቶ ሳለ ውኃው ጸጥ ያለ ነው፤ ጋዙም በውስጡ ሟሙቶ አይታይም። ክዳኑ በተከፈተ ጊዜ ግን ግፊቱ ስለሚቀንስ ጋዙ አረፋ እየሆነ ይሸሻል። ጥቂት ቆይቶ የቀመሰው ሰው «ይህ ውኃ ጋዝ የለውም» ቢል የቀረለትን ተናገረ እንጂ በጠርሙሱ ውስጥ የነበረውን አልተናገረም። ከጥልቅ ባሕር ወይም ከጥልቅ ሐይቅ የሚቀዳም ውኃ እንዲሁ ነው። ዕቃው ከብዙ መቶ ሜትር ጥልቀት እየተጎተተ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፥ ጋዙም ያመልጣል፤ ወደ ቤተ ሙከራ እስኪደርስ ድረስ ልኩ ይለወጣል። በጥንቃቄ የተቀዳ ውኃ ዛሬም በቤተ ሙከራ ይመረመራል፥ ምርመራውም የታመነ ነው፤ ነገር ግን አንድ ዕቃ የሚያስረዳው የአንድን ሥፍራና የአንድን ሰዓት ነገር ብቻ ነው።

ስለዚህ ሊቃውንት ውኃውን ወደ ሚዛኑ ማምጣቱን ትተው ሚዛኑን ወደ ውኃው ማውረድን አሰቡ። ሴንሰር የሚባለው የውኃ ውስጥ መለኪያ አሠራር በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። ጠንካራ በሆነ የብረት ዕቃ አፍ ላይ ጋዝ የሚያሳልፍ፥ ውኃ ግን የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ይደረጋል። በውኃው ውስጥ የሟሟው ሜቴን በሽፋኑ በኩል ወደ ውስጠኛው ክፍል ጥቂት በጥቂት ይገባል። በውስጥም አንዳንዱ መሣሪያ ጋዙ ሲነካው የኤሌክትሪክ መተላለፊያነቱ የሚለወጥ ማዕድን አለው። ሌላው ደግሞ ኢንፍራሬድ የሚባለውን ዓይን የማያየውን ብርሃን ወይም የሌዘር ብርሃን ያሳልፋል፤ ሜቴን ከብርሃኑ ለእርሱ የተለየውን ዓይነት መርጦ ስለሚውጥ፥ የጎደለው ብርሃን ተቆጥሮ የጋዙ ልክ ይታወቃል። የውኃው ሙቀት፥ ጨውና ግፊት አብረው ካልተለኩ ግን ይህ ቁጥር ብቻውን ትርጉም የለውም።

የዚህ ሥራ ረቂቅነት ከቁጥሩ ይታወቃል። በባሕር ፊት ላይ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ የሚገኘው ሜቴን ብዙ ጊዜ ከአንድ ግራም ዐሥር ሚሊዮን እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። መሣሪያውም የራሱ ድካም አለው። ጋዙ በሽፋኑ በኩል የሚገባው በዝግታ ስለ ሆነ፥ ቶሎ ቶሎ ወደ ታች የወረደ መለኪያ የሚናገረው ያለበትን ሥፍራ ሳይሆን ያለፈበትን ይሆናል። ብዙ ወራት በባሕር የቆየም እንደ ሆነ አረንጓዴ ዝቃጭ ሽፋኑን ይደፍነዋል። በዱባይ ተራ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚገዛ ብልህ ሰው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አንብቦ ብቻ ገንዘቡን አይቆጥርም፤ ዕቃውን በመብራት ላይ አሰክቶ ይሞክራል፥ ዋጋውንም ሁለት ሦስት ሱቅ ይጠይቃል። የባሕር መለኪያም የሚታመነው ልኩ አስቀድሞ በታወቀ ውኃ ውስጥ ተሞክሮ፥ ከባሕርም ሲመለስ ደግሞ ተሞክሮ፥ ቃሉ ከሌላ መለኪያ ቃል ጋራ ሲስማማ ነው።

ይህ ሥራ ምን እንደሚጠቅም በቅርብ ዘመን በባልቲክ ባሕር ታይቷል። መስከረም 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ከሩሲያ ወደ ጀርመን ጋዝ ለማሳለፍ በባሕር ወለል ላይ የተዘረጉት የኖርድ ስትሪም ቧንቧዎች በቦርንሆልም ደሴት አጠገብ ፈነዱ። የብዙ አገር ሊቃውንት በኋላ ተባብረው እንደ ቈጠሩት ወደ አየር የወጣው ሜቴን 465 ሺህ ቶን ያህል ነበር። በዓይን የሚታየው በባሕሩ ፊት ላይ የሚፈላው አረፋ ብቻ ነበር፤ አረፋው በጥቂት ቀኖች ውስጥ ሲቆም ነገሩ ያለቀ መሰለ። ነገር ግን በስዊድን ያሉ መርማሪዎች ግላይደር የሚባሉትን፥ ሰው የማይሳፈርባቸውንና ሳምንታት ሙሉ እየጠለቁ እየወጡ የሚጓዙትን መሣሪያዎች የሜቴን መለኪያ ጭነው ላኳቸው። እነርሱም በውኃው ውስጥ ሟሙቶ የቀረው ጋዝ ለወራት በማዕበሉ እየተወሰደ ከባልቲክ ውኃ በመቶ 14 እጅ ወደሚሆነው ክፍል እንደ ደረሰ አስረዱ። መለኪያው ባይኖር ኖሮ ዓይን የሚመሰክረው የመጀመሪያዎቹን ቀኖች ብቻ ነበር።

በውኃ የተሸሸገ ጋዝ የሰው ሕይወት እስከ ማጥፋት የደረሰበትም ጊዜ አለ፤ ይህም የሆነው በእኛው በአፍሪካ ነው። ነሐሴ 15 ቀን 1978 ዓ.ም. ሌሊት በካሜሩን አገር ንዮስ ከሚባለው ሐይቅ ጥልቅ ውስጥ ብዙ ካርቦን ዳዮክሳይድ በአንድ ጊዜ ፈንድቶ ወጣ። ጋዙ ከአየር የከበደ ስለ ሆነ በሸለቆው ወርዶ በየመንደሩ የተኙትን 1,700 የሚያህሉ ሰዎችና ብዙ ሺህ ከብት አፍኖ ገደለ። ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞም ሞኖን በሚባለው በዚያው አገር ሐይቅ 37 ሰዎች በዚሁ ዓይነት ሞተው ነበር። ከምርመራ በኋላ ምክንያቱ ስለ ታወቀ በንዮስ ሐይቅ ውስጥ ረጅም ቧንቧ ተተክሎ ጋዙ ጥቂት በጥቂት እንዲወጣ ተደረገ። የሰው ጥበብ ያደረገው ተአምር አይደለም፤ የተሰወረውን ልክ አውቆ በጊዜው በር ከፈተለት እንጂ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው በሩዋንዳና በኮንጎ ወሰን ላይ ያለው የኪቩ ሐይቅ ነው፤ የእኛን አገር ከሁለት የከፈለው ታላቁ ስምጥ ሸለቆ እስከዚያ ይደርሳልና። ጥልቀቱ 485 ሜትር ነው። በታችኛው ውኃ ውስጥ፥ በገጸ ምድር ልክ ሲቈጠር፥ 60 ኪሎ ሜትር ኩብ ያህል ሜቴንና 300 ኪሎ ሜትር ኩብ ያህል ካርቦን ዳዮክሳይድ ሟሙቶ ይገኛል። በዚያ ጥልቅ አንድ ሊትር ውኃ ሩብ ግራም የሚያህል ሜቴን ይይዛል፤ ይህም ከባሕር ፊት ውኃ ሚሊዮን ጊዜ ይበልጣል። በሐይቁ ዳርቻ የሚኖረው ሕዝብ በሚሊዮን የሚቈጠር ነው። ይኸው የሚያስፈራው ጋዝ ጥቅምም ይሰጣል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1963 ጀምሮ በጥቂቱ ወጥቶ ለቢራ ፋብሪካ ማገዶ ሆኖ ነበር፤ በ2016 የተመረቀው ኪቩዋት የሚባለው ጣቢያ ደግሞ 26 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ ያመነጭበታል።

የኪቩ ታሪክ የመመዘንን ነገር ከሁሉ ይልቅ ያስተምራል። በ1970ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር የተለካው ልክ ከሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ ከተለካው ጋራ በተነጻጸረ ጊዜ ሜቴኑ እስከ መቶ 15 እጅ የጨመረ መሰለ፤ በ2005 የታተመው ጽሑፍም አደጋው እያደገ መሄዱን ገለጠ። ጽሑፉን የጻፉት ሊቃውንት የታመኑ ሰዎች ነበሩ፤ ማስጠንቀቃቸውም የሚገባ ነበር። ነገር ግን በቃሉ ላይ ሳይቀሩ በ2018 ከስዊስ፥ ከጀርመን፥ ከፈረንሳይና ከሩዋንዳ የተሰበሰቡ መርማሪዎች በአንድ ወቅት በአንድ ሐይቅ ላይ በልዩ ልዩ ዘዴ ለኩት። አንዱ ጋዝ በማያስመልጥ ከረጢት ውኃ ቀዳ፤ ሁለተኛው ውኃውን በቱቦ ስቦ በታንኳው ላይ መረመረ፤ ሦስተኛው በሌዘር የሚሠራውን መለኪያ ራሱን ወደ ጥልቁ አወረደ። በ2020 የታተመው ውጤት እንዳስረዳው ልዩ ልዩ ዘዴዎቹ እርስ በርሳቸው ተስማሙ፤ ጋዙም ከ1970ዎቹ ወዲህ ጨምሯል የሚያሰኝ ነገር አልተገኘም። ስለዚህ የአደጋው መጠን እያደገ ነው የሚለው ሥጋት ጸጥ አለ። ጋዙ ግን አሁንም በጥልቁ ውስጥ ስላለ ጠባቂነቱ አልቀረም።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በኪቩ ዳር የሚኖር ሹም ሕዝቡን ከሥፍራው ያስነሣ ወይስ ያስቀምጥ ብሎ ሲመክር፥ በሁለት ልኮች መካከል ያለው የመቶ 15 እጅ ልዩነት ለእርሱ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም፤ የቤትና የእርሻ፥ የሕይወትና የሞት ነገር ነው። ትክክለኛ መለኪያ አስቀድሞ ቢኖር ኖሮ ሥጋቱ አሥራ አምስት ዓመት ባልቈየም ነበር። አደጋው እውነት ሆኖ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ከዚያው ከመለኪያው ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በቢሾፍቱ ያሉት ሐይቆች በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር፥ ባቦጋያም 65 ሜትር ያህል ይጠልቃሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮሰር፥ ውድና ባክስተር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ባሳተሙት ጽሑፍ የእነዚህን ሐይቆች ጥልቀትና የውኃቸውን ጠባይ ገልጠዋል። በሙቅ ወራት የላይኛው ውኃ ሞቅ ብሎ በታችኛው ላይ ይንሳፈፋል፤ ከታች ያለውም ኦክስጅን አጥቶ ይቆያል። ኅዳር አልፎ የሌሊቱ ብርድ ሲበረታ የላይኛው ቀዝቅዞ ይወርዳል፥ ሁለቱም ይደባለቃሉ፤ ኦክስጅን የሌለው ውኃ ወደ ላይ በወጣ ጊዜ ዓሣ ያልቃል። ይህን ያየ ሕዝብ ምክንያቱን አለማወቁ አያስነውረውም፤ የሚጠይቀው ግን አስቀድሞ የደብሩን ካህንና የአካባቢውን ሹም ነውና እነርሱ ነገሩን ቢያውቁ ሕዝቡን ከከንቱ ፍርሃት ያሳርፉታል፥ «ውኃው ተመርዟል» እየተባለም ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ እንዳይነሣ ያደርጋሉ።

ከሐይቆቹም ሌላ የሰው እጅ የሠራቸው ውኃዎች አሉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ንጋት ሐይቅ የተባለውን፥ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘውን ታላቅ ሐይቅ በጉባ ምድር ላይ አስገኝቷል። ግድቡ ያለ ጭስ ብርሃን የሚሰጥ ስለ ሆነ ደስታችን ትክክል ነው። ነገር ግን በሞቃት አገር ውኃ የሸፈነው ሣርና ዛፍ በጥልቁ ሲበሰብስ ሜቴን እንደሚያወጣ ከሌሎች ተምረናል። በደቡብ አሜሪካ በፈረንሳይ ጉያና ፔቲ ሶ የሚባለው ግድብ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1994 መሞላት በጀመረ ጊዜ፥ ከጥልቁ በተርባይኑ በኩል የሚያልፈው ሜቴን የበዛበት ውኃ ከታች ባለው ወንዝ ውስጥ ኦክስጅኑን ስለ ጨረሰው፥ ውኃው እየተፈጠፈጠ አየር እንዲያገኝ የሚያደርግ ሌላ አነስተኛ ግድብ ተሠራለት። መድኃኒቱ የተገኘው በሽታው ስለ ተለካ ነው። ይህን የምንጠቅሰው በእኛም ግድብ እንዲሁ ሆኗል ለማለት አይደለም፤ ሐይቁ ገና ልጅ ሳለ ልኩን መዝግቦ የያዘ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚነሣው ጥያቄ መልስ እንደሚኖረው ለማስገንዘብ ነው። ሌሎች መንግሥታት ስለ ግድቡ ጋዝ በግምት በተናገሩ ጊዜ፥ በእጃችን የተለካ ቁጥር ከረጅም ንግግር ይልቅ ይሟገትልናል።

ስለዚህ አሳባችንን በሦስት ነገር እንጠቀልላለን። መጀመሪያ፥ መመዘን ያለበት አደጋው ከደረሰ በኋላ ሳይሆን ነገሩ ደኅና ሳለ ነው፤ የጤናው ልክ ያልታወቀ ሰው ሕመሙም አይታወቅምና። ሁለተኛ፥ ልኩ በአንድ መሣሪያና በአንድ እጅ ብቻ የተያዘ እንዳይሆን፥ በኪቩ እንደ ተደረገው ሁለት ሦስት ዘዴ እርስ በርሱ ይመስክር። ሦስተኛ፥ መሣሪያው ከባሕር ማዶ ተገዝቶ መምጣቱ ብቻ አይበቃም። ለሚያወርደው፥ ለሚሞክረው፥ ሽፋኑን ለሚያጠራውና ቁጥሩን ዓመት ከዓመት ለሚመዘግበው ወጣት ትምህርትና ደመወዝ ካልተቆረጠለት፥ ዋጋው ውድ የሆነው ዕቃ በመጋዘን ውስጥ አቧራ ይጠጣል። የአዲስ አበባና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የውኃን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት አሏቸው፤ የሚያስፈልጋቸው መለኪያውና የማይቋረጥ ዕርዳታ ነው።

ባሕር ከእኛ ቢርቅም ጥልቅ ውኃ ከእኛ አልራቀም። በሐይቆቻችንና በግድቦቻችን ሆድ ውስጥ ያለውን ነገር ዛሬ በሥፍራው መዝነን የጻፍነው እንደ ሆነ፥ ነገ የሚመጣው ትውልድ ሲፈራ በምክንያት ይፈራል፥ ሲያርፍም በምክንያት ያርፋል።